ሸክላ ሠሪዋ ቤት የበላነው ድንች

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን የልብሱን ጠርዝ ነው። ጠርዝ አይዋሽም። ፈሪ መሆኔን ግን ደንበኞቼ አያውቁም። ስልክ ሳይታሰብ ሲጮህ እፈራለሁ፤ መኪና ደጃፌ ላይ ሲቆም እፈራለሁ፤ ልጄ ዝም ስትል ደግሞ ከሁሉ የባሰ እፈራለሁ። እናቴ ይህን እያየች «ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል» ብላ ትስቅብኛለች። ፍርሃቱን ከጡቷ ጋር ያጠባችኝ እሷ ራሷ መሆኗን አታነሳም።

የአክስቴ ልጅ ንፋስ መውጫ ነው የምትኖረው። በቱሪዝም ተመርቃ ሥራ ስታጣ ከመናኸሪያው በታች ባለው ሰፈር እንግዳ እያዞረች፣ በየቤቱ ያለውን እያስቀመሰች፣ የሰዉን አኗኗር እያሳየች ልትተዳደር አሰበች። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ማን ሊመጣልሽ ነው ብላት፣ የተከፈተ ዕለት ተዘጋጅቼ ልገኝ አለችኝ። እናቴ ዓይኗን ልትታከም ከስማዳ ወደ ንፋስ መውጫ በመጣችበት ሰሞን እኔም የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ሦስታችንን አንድ ላይ ስታገኝ ደስ አላት። በባዕድ ከመሳሳቴ በፊት በዘመድ ልለማመድ ብላ ለመነችን፤ እኛም እሺ አልን።

ሰዉ ታች ሰፈር ይለዋል። ከስማዳ የመጣው፣ ከእስቴ የመጣው፣ ከወሎ በኩል ተሻግሮ ሱቅ የከፈተው ሙስሊም ነጋዴ፣ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ቤት የተከራየው፣ የአብነት ተማሪው፣ ሸማኔው፣ ሁሉም በአንድ ቁልቁለት ላይ ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ቆርቆሮው ከቆርቆሮ ስለሚነካካ ነፋስ ሲነሳ ሰፈሩ እንዳለ ይንኳኳል። እንደ ልብስ ሰፊ ካያችሁት፣ ከየሰዉ ቁርጥራጭ የተሰፋ ብርድ ልብስ ነው።

ችግሩ እናቴ በሰው ቤት አትበላም። ለቅሶ እንኳ ስትሄድ ቤቷ በልታ ነው። ልጆች ሳለን መንገድ ላይ ቆሎ የምንቆረጥመው በነጠላ ተሸፍነን ነበር፤ ዓይን እንዳያርፍብን። ልጄን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ነይ አንቺ ፉንጋ» ነው የምትላት፤ ውበቷን ሰው ልብ እንዳይለው። እኔ በዚህ እስቃለሁ። እየሳቅኩም ግን ክታብ በልጄ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼ፣ ክሩ እንዳይታወቅ አድርጌ ደብቄዋለሁ።

የመጀመሪያው ቤት የነጋዴው ነበር። ሚስቱ ገና ሳንቀመጥ የሥጋውን ነገር ራሷ አንስታ ገላገለችን፤ የእኛና የናንተ ቢላዋ ለየብቻ ነው፣ ሻይ ግን ማንም አይባርከውም ብላ አሳቀችን። የምስር ሳምቡሳ አቀረበች። እናቴ ሴትዮዋ ከዚያው ሳህን አንስታ እስክትጎርስ ጠብቃ አንዷን ጫፏን ቀመሰች። ልጄ ሦስቱን ጨረሰች። ቀጥሎ ከእስቴ የመጣች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ገብተን የገብስ እንጀራ በስልጆ በላን። ስልጆው ሰናፍጩ በዝቶበት ዓይናችንን አስለቀሰን፤ ልጄ ግን እንባዋን እየጠረገች ደገመች። ወደ አብነት ተማሪዎቹ ጎጆ ስንደርስ አንዱ የደረቀ ቁራሽ አውጥቶ ሰጣት፤ እሱንም ቆረጠመች። የአክስቴ ልጅ ደስታዋ ወሰን አጣ። እንግዳ ማለት እንዲህ ነው አለች። እኔም መፍራት የረሳሁባት ሰዓት ያቺ ነበረች።

ከዚያ በቁልቁለቱ መጨረሻ፣ ከወንዙ ዳር ወዳለች አንዲት ቤት መራችን። እናቴ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀች። ሸክላ የምትሠራ ሴት ናት ተባለች።

እናቴ ቆመች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ሳበችና ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። እጄን ጎትታ በጆሮዬ «ልጅቱን እንዳታስገቢያት» አለችኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ልናገር። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ሲበላ ያየውን ሰው በዓይኑ ይበላዋል ይባላል። ገበያ ላይ ድስቱን እንገዛዋለን፤ ወጣችንን እንሠራበታለን፤ ቤቱ ገብቶ የሚበላ ግን የለም። ልጅ ከሆንሽ ደግሞ በደጁ ስታልፊ ፊትሽን ሸፍነሽ ትሮጫለሽ። እኔ ሮጫለሁ።

የአክስቴ ልጅ ታየኝ ነበር። ያቺን ሴት በሯን ትከፍትላት ዘንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ነግራኛለች። ከሰፈሩ ሰው እዚያ ቤት እህል የቀመሰ እንደሌለም አውቃለሁ። አሁን በሩ ተከፍቶ ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆማ እየጠበቀችን፣ እኔ ልጄን ይዤ ልመለስ? ይሉኝታ ከፍርሃቴ በለጠብኝና ገባሁ።

ቀጭን ሴት ናት። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በጭቃ ነጥቷል። የቀሚሷ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ተለቆ በተለያየ ክር ተሰፍቷል። ድንች ቀቅላ፣ አዲስ ሳህን ላይ አድርጋ፣ አጠገቡ ጨውና አዋዜ አስቀምጣ ነበር። ብሉ አላለችንም። ከመሃል አንድ ድንች አነሳች፤ እያየናት ልጣ፣ አላምጣ፣ እስከ መጨረሻው ዋጠች። ሳህኑን ወደ እኛ ገፋች።

ልጄ አንዱን አንስታ ገና ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንደዚያው ሆና ወሬዋን ቀጠለች። ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር፣ እንዴት እንደሚረገጥ፣ በደንብ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲነካው እንደሚፈነዳ ለግድግዳው ነገረችው። ልጄ ድንቹን ጨርሳ እጇን እስክትጠርግ ድረስ አንዴም አልዞረችም። እኔ ግራ ገባኝ። ምኑን ነው የምትደብቀው? ዓይኗ ምን ሆኗል? ስሮጥ ያደግኩበት ፍርሃት ሁሉ ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ወጣ። ድንቼን ሳልጨርስ ተነሳሁ። አመስግነን ወጣን፤ እናቴ ልጄን ከእኔ ነጥቃ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

የመጨረሻው ቤት ላይኛው መንገድ ዳር ያለ ጠላ ቤት ነበር። ባለቤቷ የስማዳ ሰው ስለሆነች እናቴ አገሯ የገባች መሰላት። ጠላውን ባለቤቷ በእጇ ጠብ አድርጋ ከቀመሰች በኋላ እናቴ ተቀበለች። አግዳሚዎቹ ላይ ከገበያ የወጡ ወንዶች ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ይጠጣሉ። የአክስቴ ልጅ ስለ ጌሾው ማስረዳት ጀመረች። እኔ ልጄን ነበር የማያት። ዝም ብላለች።

ከዚያ ሆዷን ይዛ ተጣጠፈች። አስመለሳት። ውኃ ሰጠናት፤ ውኃውንም አስመለሰችው። ደግማ አስመለሳት። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ላቧ ቀሚሷን አጣበቀው። ስጠራት ዓይኗ ወደ ላይ ይሄድ ጀመር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ላይ ደረሰ።

እናቴ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ቤቱ ግን ሁሉ ሰማት። «በላቻት።»

የአክስቴ ልጅ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ ባጃጅ ልጥራ ብላ ተነሳች። እናቴ ልጄን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «መርፌ ካረፈባት ትሞታለች» አለች። «መጀመሪያ ትልቀቃት።»

እዚህ ላይ እኔ ምን ሆንኩ ብትሉኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ቆምኩ። ይህ የመርፌ ነገር ተረት አልነበረም ለእኔ። በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ልጅ እንዲህ አሟት ተሸክመው ወስደው አስወጓት፤ በቃሬዛ ሬሳዋ ተመለሰ። መርፌው ገደላት ተባለ። በሽታዋ ገድሏት ይሆናል ብዬ ያሰብኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ያ ሐሳብ ደግሞ የልጄን ዓይን ሳይ ከየት ይመጣል? ብወስዳት መርፌው፣ ባልወስዳት በሽታው። እግሬ ወዴትም አልሄደም።

እናቴ የከሰል ፍም ቀርቦ፣ አሮጌ ጨርቅ ተቆርጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም እንዲጨመርበት አዘዘች። የጠላ ቤቷ ባለቤት ተሯሯጠች። የጨርቁ ጭስ ሲነሳ የልጄን ራስ በነጠላ ሸፍነው ወደ ጭሱ ደፏት። አሳላት፣ አስመለሳት፣ ማልቀስ እንኳ አቃታት።

«ማነሽ? ከየት መጣሽ? የማን ቤት ነሽ?» ትላታለች እናቴ። እንዲህ ሲጠየቅ በታማሚው አፍ የሚመልሰው የበላው ሰው ነው ተብሎ ይታመናል። የተጠራው ይመጣና በታማሚው ላይ ይተፋል፤ ያን ጊዜ ይለቃል።

የስድስት ዓመት ልጅ ናት። የማን ቤት ስትባል ምን ትበል? ድንቹን የበላችበትን ቤት ካለች አለቀ። ከወንዶቹ አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ነበር። ሌላው ዱላውን ከግድግዳው አንስቷል። «ታች፣ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ነው የነበራችሁት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አዎ ብል እነዚያ ሰዎች ወዴት እንደሚወርዱ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ልቤ አዎ ልል ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞሯ ዓይኔ ላይ ነበር። ልጄ ከዳነች ማንም ይጠራ የሚል ሐሳብ ውስጤ ገብቶ ተቀምጧል። አፌን ከፈትኩ።

በሩ ጨለም አለ። ሸክላ ሠሪዋ ቆማለች።

የጨርቁ ጭስ ሽታ ታች ድረስ ወርዶ ነበር ለካ። እጇን እንኳ አልታጠበችም። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ልብሷ እንዳይነካቸው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ።

«ሳትጠሩኝ መጣሁ» አለች እናቴን። «ይግለጧትና ልትፋባት። ከዚያ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።»

እናቴ ነጠላውን ገለጠች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እትፍ እትፍ አለች። ልጄ ፊት ላይ አላረፈም፤ አየሩ ላይ ነው። ከወንዶቹ አንዱ አመነች፣ አያችሁ፣ አመነች አለ። ሌላው አማተበ። እናቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ልጄን ለእኔ ሰጠችኝ። በቃ፣ አሁን መርፌውም አይጎዳትም፣ ሂጂ አለች።

የአክስቴ ልጅ በስልክ የጠራችው ባጃጅ ደርሶ ነበር። ስገባ የሴትዮዋን ክንድ ይዤ ጎተትኳት፤ አብራኝ ገባች። ለምን እንደያዝኳት አላውቅም። ከነዚያ ሰዎች መሃል ጥያት እንዳልሄድ ይሁን፣ ወይስ ልጄ ብትብስብኝ ከእጄ እንዳታመልጥ ብዬ። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ልጄን ስትቀበለኝ ምን እንደበላች ጠየቀችኝ። ሳምቡሳውን፣ ስልጆውን፣ ድርቆሹን፣ ድንቹን፣ ሌላም ብዙ ዘረዘርኩ። ሆድ ነው ወይስ ጎተራ አለችኝ። ከነዚያ አንዱ አልተስማማትም፣ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ሰውነቷ ግን ውኃ ጨርሷል፣ ብትዘገዩ ኖሮ ጥሩ አልነበረም አለች። ጉሉኮሱን ስትሰካላት መርፌው ወደ ልጄ ክንድ ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ልጄ እያየችኝ ነበር።

ጠብታው እየወረደ ፊቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ውኃ ጠየቀች፤ ጠጣች፤ አላስመለሳትም። ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሸክላ ሠሪዋ ከጫፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም።

ተረፈች አልኳት። ተመስገን አለች። ለምን እንዲህ አደረጉ፣ እርስዎ ምን በደሉ አልኳት። ሰዉ ሁሉ አመነች እኮ አለ።

 እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ እየላጠች ነበር።

«እስቴ እያለሁ አንድ ጊዜ ጠሩኝ» አለች። «የጎረቤት ልጅ ነው፤ ወንድ ልጅ። ነይ ትፊበት አሉኝ። እኔ ማንንም አልበላሁም፣ ባልሠራሁት አልተፋም ብዬ እምቢ አልኩ። እስክትተፋ ወዴትም አይሄድም ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያጥኑት ዋሉ። እውነቱን ተናግሬ ልጁ ሞተ።»

ከዚያ ሌሊቱን ልጆቿን ይዛ ወደ ንፋስ መውጫ ተሰደደች። ይህን ያለችኝ ሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ነገር አድርጋ ነው። ልጅ ሲበላ ለምን ፊትዎን ያዞራሉ ብዬ ልጠይቃት አልኩና ተውኩት፤ አወቅሁት።

እናቴና የአክስቴ ልጅ በእግራቸው ደረሱ። እናቴ ገብታ የልጄን ግንባር ዳሰሰች፤ ሙቀቱ ወርዷል። ወደ እኔ ዞራ «አየሽ፣ ለቀቀቻት» አለችኝ፤ ደስ ብሏታል። እሷም እንደኔው ፈርታ ነበር። እማ፣ ጉሉኮሱ ነው ያዳናት አልኳት። እናቴ መርፌው ለምን አልገደላትም ታዲያ ብላ ጠየቀችኝ።  ሰኞ ወደ ስማዳ ስትመለስ ይህን ለማን ለማን እንደምትናገረው ሳስብ፣ የቅድሙ ፍርሃት ሌላ ፊት አውጥቶ መጣብኝ። ጠላ ቤት የነበሩት ወንዶችም ገበያተኞች ናቸው፤ ወሬው ዛሬውኑ በየቀበሌው ይገባል። ያቺ ሴት ነገ ድስቷን ለማን ትሸጣለች? ልጆቿስ ከማን ጋር ይጫወታሉ?

ጠብታው ሲያልቅ ገና ፀሐይ ነበረች። ሴትዮዋ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ ብላ ተነሳች። አብሬዎት ልሂድ አልኳት። እናቴ ልትከለክለኝ አፏን ስትከፍት የአክስቴ ልጅ ክንዷን ይዛ ወደ ሌላው መንገድ ወሰደችልኝ። ልጄን አዝዬ ከሴትዮዋ ጎን ወረድኩ።

ጀግና ሆኜ አይደለም። መንገዱን ሁሉ ፈርቻለሁ። ሱቅ በር ላይ የቆሙት ወሬያቸውን አቋርጠው ያዩናል። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ከበር አስገባች። ጠዋት ሻይ ያጠጣችን የነጋዴው ሚስት ብቻ ከርቀት ሰላም አለችን። ሸክላ ሠሪዋ ደረቷን ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች፤ እኔ ነበርኩ አንገቴን የደፋሁት። ከኋላ ድንጋይ የሚወረወርብን ይመስለኝ ነበር፤ ማንም አልወረወረም።

ከደጇ ስንደርስ ልጄ ከጀርባዬ ላይ ነቅታ ራበኝ አለች። ሳቅኩ። ትንሽ ገብተን እንረፍ፣ እኔም አብሬዎት ልቆይ፣ እነዚያ ሰዎች ቢመጡ ብቻዎን እንዳይሆኑ አልኳት። ከልቤ ነበር። በዚያች ደቂቃ ያ ቤት አላስፈራኝም።

ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ልጄን አየች፤ ከዚያ እኔን። ቀኑን ሙሉ እኔ ፊት ላይ የዋለ ስለሆነ መሰለኝ፣ ፊቷ ላይ ያለውን ወዲያው አወቅሁት። ፈርታናለች።

«ቅር አይበልሽ እህቴ፤ ግቢ አልልሽም» አለች። «ልጅሽን ነገ ራሷን ቢያማት እኔ ወዴት እሄዳለሁ?»

ገባች። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ስትወረውረው ሰማሁ።